ስለ እግር፣ ስለ ስብራትና ስለ ማሰሪያው

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ሆነን ስለ አጥንትና ስለ ጡንቻ ለመጻፍ መነሣታችን የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችንን ሳያስቃቸው አይቀርም። ይሣቁ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች በመሆናችን ስለ እግር ያለን ዕውቀት ከመጽሐፍ በፊት ከዳገትና ከቁልቁለት የተገኘ ነው። ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ ነገርም አለ፤ እርሱን በቦታው እንነግራለን።

የጉና ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የአባይና የበሽሎ ሸለቆ ደግሞ ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳል። በዚህ መካከል ከመኪና መንገድ ርቆ የሚኖረው ሰው ገበያውንም፣ ወፍጮውንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም የሚደርሰው በእግሩ ነው። እንግዳ ሰው ዳገቱን ይፈራል፤ የአገሩ ሰው ግን የሚጠነቀቀው ቁልቁለቱን ነው። እውነቱም ከአገሩ ሰው ጋራ ነው። ዳገት ስንወጣ የፊተኛው የጭን ጡንቻ እያጠረ ይገፋናል። ስንወርድ ግን ያው ጡንቻ እየተሳበ ሳለ የገላችንን ክብደት ለመግታት ይታገላል፤ ሥራው ልጓም እንደ መያዝ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ጡንቻን ቶሎ ይጎዳልና በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተናል። በዚህም ጊዜ የጉልበት ሎሚ ከጭን አጥንት ጋራ በኀይል ትጫናለች። አማርኛ መገጣጠሚያውንም ኀይልንም በአንድ ቃል «ጉልበት» ማለቱ ያለ ነገር አይመስለንም፤ ቋንቋችንም ቁልቁለት የወረደ ይመስላል።

በቁልቁለት የሚንከባለል ጠጠር ሲረገጥ ደግሞ እግር ብዙውን ጊዜ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በውስጥ በኩል ያለው የቁርጭምጭሚት ጅማት ሰፊና ብርቱ ነው፤ በውጭ በኩል ያሉት ቀጫጭን ናቸው፤ ስለዚህ የሚለጠጡትና የሚበጠሱት እነርሱ ናቸው። ወለምታ የምንለው ይህን ነው። የተጎዳው ሰው አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካልቻለ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲጫኑት በጣም ካመመው፣ ስብራት ሊሆን ይችላልና ይመርመር። በመጀመሪያው ቀን አጥብቆ ማሸት እብጠቱን ከማባስ በቀር የሚጠቅመው የለም።

እግር ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንቶች አሉት። እነዚህ እንደ ቀስት ጎብጠው በጅማት ስለ ታሰሩ ሲረገጡ ይለጠጣሉ፣ ሲለቀቁ ይመለሳሉ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ያሸነፈው በዚህ ቀስት ነው። ውስጥ እግር ቆዳው እንዲህ ብርቱ ሲሆን፣ አገዳ ላይ ግን ቆዳ ስስ ነው፤ ከፊት በኩል በቆዳውና በአጥንቱ መካከል ጡንቻ የለም። ስለዚህ የአገዳ አጥንት ሲሰበር ቆዳውን ቀድዶ የመውጣት ነገር ይበዛበታል። በታችኛው ክፍሉ የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለ ሆነም አዋቂ ሰው ላይ ለመግጠም ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር ደረስን። ከመካከላችን አንዱ ለክረምት ዕረፍት ወደ ስማዳ ወርዶ ሳለ፣ ከብት ሲመልስ የነበረ የጎረቤት ልጅ ከአፋፍ ወድቆ አገዳው ተሰበረ። አንድ የተከበሩ አዛውንት ወጌሻ መጥተው አጥንቱን አቃኑለት፤ ሸንበቆ ሰንጥቀውም በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሰሩለት። ልጁ ሌሊቱን ሁሉ ሲጮህ አደረ። «ስብራት እንዲህ ነው፣ ቻል አድርገው» አሉት። ሲነጋ ዝም አለ። ቤቱ ሁሉ ሻለው ብሎ ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቈሩ፤ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱት፤ እግሩም ከጉልበቱ በታች ተቈረጠ።

ሲነጋ ዝም ያለው ስለ ዳነ ሳይሆን፣ ነርቩ ደም ከማጣት የተነሣ መስማት ስላቆመ ነው። ከጉልበት በታች ያሉት ጡንቻዎች አራት ቦታ ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ክፍል ብዙም በማይለጠጥ ሽፋን ተጠቅልሏል፤ አራት የጠበቁ ስልቻዎች እንደ ማለት ነው። አጥንት ሲሰበር ደም ይፈስሳል፣ ጡንቻውም ያብጣል፤ ስልቻው ግን አይሰፋም። በላዩ ላይ ጥብቅ ማሰሪያ ሲጨመርበት ግፊቱ በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ደም እንዳያልፍ ያግደዋል። ደም ያላገኘ ጡንቻ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ መሞት ይጀምራል። ልጁ የጮኸበት ሌሊት ከዚያ ይረዝም ነበር።

ይህን የምንጽፈው ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. ከጥብቅ ማሰሪያ የሚመጣውን የጡንቻ መሞት ሲገልጡ የተመለከቱት የሠለጠኑ ሐኪሞች ያሰሩትንም ነበር። ደግሞም ነገሩ የሚታረም ነው። በ1997 ዓ.ም. የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት፣ ወጌሾች ለአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ ከማሰሪያ የተነሣ የሚበሰብስ እግርና እጅ መቀነሱን አሳይቷል።

እንግዲህ የታሰረ እግር ያለበት ቤት ማታ የሚመለከተው ይህን ነው። ጣቶቹ ከማሰሪያው ውጭ ይሁኑ። ከደኅናው እግር ጋራ ሲነጻጸሩ ቀዝቅዘዋል? ገርጥተዋል? ደንዝዘዋል? ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ለመመለስ ይዘገያል? ከሁሉም አስቀድሞ የሚመጣው ምልክት ከስብራቱ ልክ ያለፈ፣ ጣቱን ቀስ አድርገው ሲያጥፉት የሚብስ ሕመም ነው። ይህ ከታየ ማሰሪያው ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይፈታ፤ እግሩም ከልብ ልክ ሳይበልጥ ይቀመጥ። አጥንቱ እንደ ገና ሊቃና ይችላል። ተፈትቶም ሕመሙ ካልቀለለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ፤ ስልቻውን መክፈት የቀዶ ጥገና ሐኪም ሥራ ነውና።

ጓደኛችን ኋላ ለአዛውንቱ ወጌሻ ይህን ሲያስረዳቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሰሙት። ዛሬ ስብራት ሲያስሩ ጣቶቹን ውጭ ይተዋሉ፤ ማታ ደግሞ ፋኖስ ይዘው ተመልሰው ያያሉ።