የባሮ ማዕድ

በደጋ የተወለደ ሰው ስለ መልካም ወጥ ቤት ሲናገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው በርበሬውን፣ ቅመሙንና የቅቤውን አነጣጠር ሲሆን፣ የባለሞያይቱም ዝና የሚታወቀው ሽንኩርቱን በማቁላላት ትዕግሥቷ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለችው፣ ሙቀቷም በበረታው በጋምቤላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ግን ሞያ የሚመዘነው በሌላ ሚዛን ነው፤ ይኸውም የባሮ ወንዝ ሲሞላና ሲጎድል የሚሰጠውን ሲሳይ በየወራቱ ዐውቆ መቀበል፣ የተረፈውንም ለማይገኝበት ጊዜ ሳይበላሽ ማቆየት ነው። ይህን ጥበብ ቅመም አነሰው ብሎ ንቆ ማለፍ ከባድ በደል ይመስለኛል፤ እሳትና ፀሐይ፣ ውኃና ጊዜ የሚሠሩትን ሥራ በሚገባ ላስተዋለ ሰው፣ የባሮ ዳር ሴቶች ዕውቀት ከማንኛውም የወጥ ቤት ትምህርት አያንስምና።

ብርብርና ገባ የተባሉት ወንዞች ሲጋጠሙ የሚወለደው ባሮ፣ የኢሉባቦርንና የወለጋን ዝናም ተሸክሞ ወደ ቆላው በሚወርድበት በዘመነ ክረምት ዳርቻውን አልፎ ሜዳውን ያጥለቀልቃል። ዓሣውም ከውኃው ጋራ ወደ ረግረጉ ወጥቶ በሣሩ መካከል ይራባል። መስከረም 26 ቀን ዘመነ መፀው ገብቶ ውኃው መሸሽ ሲጀምር ግን፣ ወደ ወንዙ ለመመለስ ያልቻለው ዓሣ በየጎድጓዳው በቀሩት ኩሬዎች ታግዶ ይቀራል፤ ወንዙ ትቶት በሄደው ርጥብ ደለል ላይ ደግሞ የአኝዋ ገበሬ በቆሎውን ይዘራል። ስለዚህ በወንዙ ዳር የሚኖረው አኝዋ አንድ ጊዜ በዝናሙ፣ ሌላ ጊዜ በውኃ ሸሽ እርሻው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በቆሎ የሚያገኝ ሲሆን፣ የቤቱም ማዕድ በዚሁ ሥርዐት ይመራል።

ከዓሣው ወገን በገበያው ላይ በብዛት የሚታዩት ግዙፉ ናይል ፐርች፣ ጢማሙ አምባዛና ቆሮሶ ናቸው። ቆሮሶው ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ እንዳለ በዘይት ሲጠበስ ይጣፍጣል፤ ሥጋው የሚወፍረው ናይል ፐርች ለጉላሽና ለዱለት ይመቻል፤ ስብ ያለው አምባዛ ግን ጭስ የወደደ ዓሣ ነውና ረጋ ባለ ፍም ላይ ቢውል ይሻለዋል። ይሁን እንጂ የአገሩ ዋና ጥበብ የሚገለጠው በማድረቁ ነው። ዓሣው ሆድ ዕቃው ወጥቶ በጀርባው በኩል ይሰነጠቅና እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤ ወፍራም ሥጋውም አየር እንዲገባው ይተለተላል፤ ከዚያም በእንጨት ቆጥ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ይውላል። ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ይከተታል፤ ጧት ተገላብጦ ይሰጣል። በሥጋው ውስጥ ያለው ውኃ ሲወጣ የሚያበሰብሱት ረቂቃን ነፍሳት ለመራባት የሚያስፈልጋቸውን ርጥበት ያጣሉ፤ ጨው ቢነሰነስበት ደግሞ ይኸው ሥራ ይፋጠናል። ሰማዩ በደመነ ጊዜ ፀሐይን የሚተካው ጭስ ነው፤ እርሱም አድርቆ ከማቆየቱ በላይ ዝንብን ያርቃል።

የደረቀውን ዓሣ ወደ ድስት መመለስም የራሱ ወግ አለው። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ይዘፈዘፋል፤ ለስልሶ አጥንቱ ሲለቅ በጣት ይፈረፈራል። ባምያው ተከትፎ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋራ ከበሰለ በኋላ ዓሣው ይጨመርበታል፤ በመጨረሻም የተወቀጠ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ በውኃ ተበጥብጦ ይገባበትና፣ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ በዝግታ ይንተከተካል። ባምያ በማይገኝበት በጋ፣ ቀድሞ ተከትፎ የደረቀው ተወቅጦ እንደ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ጎረቤት ሱዳኖች ዌካ የሚሉት ይኸው ነው። በመረቁ ላይ የሚታየው ልግ ለማያውቀው እንግዳ ቢያስቸግርም፣ ጠንከር ያለውን የማሽላ ወይም የበቆሎ ገንፎ በጉሮሮ የሚያሳልፈው እርሱ ስለሆነ፣ ያለ እርሱ ማዕዱ ጎዶሎ ይሆናል።

የኑዌር ወጥ ቤት ግን ሌላ መሠረት አለው፤ እርሱም ላም ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ኑዌሮች ዓመታቸውን ቶትና ማይ ብለው ለሁለት ከፍለው፣ በመጀመሪያው የዝናም ወራት በከፍተኛው ስፍራ በመንደራቸው ሲያርሱ፣ በሁለተኛው ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ውኃው ዳር ይሰፍራሉ። ሣሩ ደርቆ ወተቱ ሲጎድል ዓሣው ይበዛል፤ አንዱ ሲነጥፍ ሌላው ይተካል። ከእህል ምግባቸው እጅግ የሚያስደንቀኝ ኮፕ የሚሉት ነው። ለዚህ ምግብ የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት ጥቂት ጥቂት ውኃ እየተርከፈከፈበት በሰፊ ዕቃ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ዱቄቱም እየተንከባለለ ጥቃቅን ፍሬ ይሆናል። ውኃው ከበዛ ሊጥ ይሆናል፤ ካነሰ ዱቄቱ ፍሬ አይቋጥርም፤ መጠኑን የሚያውቀው በልጅነቱ የለመደ እጅ ብቻ ነው። ፍሬው በእንፋሎት በስሎ ከርጎ ወይም ከወተት ጋራ ይቀርባል። በሰሜን አፍሪካ ኩስኩስ የሚባለውን ዓለም ሁሉ ሲያደንቅ፣ በእኛው አገር ምዕራብ ጫፍ ያለውን ወንድሙን የሚያውቅ ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

በዓሣው ላይ የሚነሰነሰውን ጨው ካነሣን ዘንድ የከተማይቱን ታሪክ ጥቂት መንካት ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። በመርከብ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና ወደ ካርቱም ሲወርድ፣ ጨውና አቡጀዲ ወደ ጋምቤላ ይወጣ ነበር። ይህም ንግድ ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ የሚከናወን ስለ ነበር፣ ጨዉም እንደ በቆሎውና እንደ ዓሣው የወራት ሲሳይ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከወራቱ ሁሉ ጭንቅ የሚበዛበት ዘመነ ጸደይ ነው። ጎተራው ይራቆታል፤ አዲሱ በቆሎ ገና አልደረሰም። በዚህ ጊዜ የከተማይቱን ጎዳናዎች የሚያጠሉት ማንጎዎች ፍሬያቸውን ይሰጣሉ፤ በደረቁ ወራት ከተለቀመው የበደኖ ፍሬና በውኃ ተበጥብጦ ጥም ከሚቈርጠው ከሮቃ ጋራም ቤተ ሰብን ይደግፋሉ። ዝናሙ እንደ ጣለ የሚበቅሉት የዱባና የአተር ጓያ ቅጠሎች፣ እንዲሁም ኩድራ የሚባለው የሚያሟልጭ ቅጠል፣ ከኦቾሎኒው ጋራ ተቀቅለው ድስቱን ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ እሸቱ ይደርሳል።

ከሜዳው ወጥቶ ወደ ጎደሬ ደን ለገባ መንገደኛ ማዕዱ ፈጽሞ ይለወጣል። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ በተመዘገበው ጫካ ውስጥ የሚኖሩት መዠንግሮች ማር ቈራጮችና ሥራሥር አብቃዮች ናቸው። ደኑ ላለባት ወረዳ ስም የሆነው ጎደሬ የተባለው ሥር፣ ጥሬውን ቢቀመስ ጉሮሮን የሚበላ ረቂቅ እሾህ መሰል ነገር አለውና፣ ከነልጣጩ በብዙ ውኃ እጅግ እስኪለሰልስ ይቀቀላል፤ ችኮላን የሚያስተምር ምግብ አይደለም። ከእርሱም ጋራ የሚጠጣው ከቡናው ፍሬ ሳይሆን ከቅጠሉ ተፈልቶ፣ ሚጥሚጣና ሌላም ቅመም የገባበት ትኩስ መጠጥ ነው።