የልጆቻችን አኒሜሽን ፊልሞች፦ ጥራቱ ምንድን ነው? ስልቱስ?



ደሴ ውስጥ በማገለግልባት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጆች ፕሮግራም አለን። ክረምት ሲገባ ከጦሳ የሚወርደው ጉምና ብርድ ልጆቹን ውጭ ስለማያጫውት፣ ከአንድ ወንድም ፕሮጀክተር ተውሰን ፊልም እናሳያቸዋለን። አንድ ቅዳሜ የዳዊትና የጎልያድን ታሪክ በኮምፒውተር የተሠራ አኒሜሽን አገኘሁና ደስ ብሎኝ አቀረብኩ። ፊልሙን ማን እንደ ሠራው አልናገርም። ዳዊት ሲራመድ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም፤ ይንሸራተታል። ወንጭፉን ሲያሽከረክር ገመዱ በክንዱ ውስጥ አልፎ ይወጣል። ጎልያድ ሲወድቅማ ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። መብራቱን ስናበራ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ፣ “ፓስተር፣ የአንበሳው ፊልም ለምንድን ነው ከእግዚአብሔር ፊልም የሚበልጠው?” ብሎ ጠየቀኝ።

“ብዙ ገንዘብ ስላላቸው ነው” ብዬ አለፍኩት። መልሱ ስህተት አልነበረም፤ ግን ለልጁ ጥያቄ አይበቃም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ቀን ልመልስለት ይገባኝ የነበረው ነው። ፍላሽ ይዘው ፒያሳ ወርደው “የልጆች ፊልም ጫንልኝ” ለሚሉ ወላጆችም ይጠቅም ይሆናል። ከእኛ መካከል ካርቱን ሁሉ የሰይጣን ነው ብሎ ቴሌቪዥኑን የሚዘጋ አለ። ልጁን ፊልሙ ፊት አስቀምጦ ወደ ሥራው የሚሄድም አለ። ሁለቱም ፊልሙን አላዩትም።

በመጀመሪያ “ጥራት” ስለሚባለው ቃል እንነጋገር። በፊልም መጫኛ ቤቶች ጥራት ማለት ኤች ዲ ነው ወይስ በሲኒማ ቤት በካሜራ የተቀዳ ነው ማለት ነው። (የተሰረቀ ቅጂ ማየታችን ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ እኔም ከዚህ ነጻ ስላልሆንኩ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።) እዚህ የምናገረው ግን ስለ አሠራሩ ጥራት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም በ1995 የወጣው የፒክሳር “ቶይ ስቶሪ” ነው። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ሥዕሎችን ያሳያል። ፊልሙ 80 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሲባዛ ወደ 115 ሺህ ሥዕሎች ይመጣል ማለት ነው። እያንዳንዱን ሥዕል ኮምፒውተሩ ብርሃኑንና ጥላውን እያሰላ ይሥለዋል፤ አንዱን ሥዕል ብቻ ለመጨረስ ብዙ ሰዓት የፈጀበት ጊዜ ነበር። ታሪኩ ስለ አሻንጉሊቶች መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ፕላስቲክን አሳምሮ ይሥላል፣ የሰውን ቆዳ ግን አይችልም። ማታ ባትሪ አብርታችሁ ጣታችሁን መብራቱ ላይ ብታደርጉ ጣታችሁ ቀልቶ ያበራል። ብርሃን በቆዳችን ውስጥ ገብቶ ስለሚወጣ ነው። ፕላስቲክ ግን ብርሃኑን ከላይ መልሶ ይወረውረዋል። በዚያ ፊልም ውስጥ ያሉትን ሰዎች ዛሬ ብታዩአቸው እነርሱም ፕላስቲክ ይመስላሉ። ሠሪዎቹ የሚችሉትን አውቀው፣ ለሚችሉት የሚስማማ ታሪክ መረጡ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከዚያ በኋላ ሥራው ዓመት በዓመት ተሻሻለ። በ2001 በ“ሞንስተርስ ኢንክ” ሳሊ የሚባለው ሰማያዊ ፍጡር ከ2 ሚሊዮን በላይ ፀጉሮች ነበሩት፤ ሲሮጥ ፀጉሩ በነፋስ ይተኛል። በ2003 “ፋይንዲንግ ኒሞ” ባሕሩን ራሱን አሳመነን። በ2001 የወጣው የድሪምወርክስ “ሽሬክ” በአሠራር ከእነዚህ ብዙም አይርቅም፤ መንፈሱ ግን ሌላ ነው። ቀልዱ ግማሹ ለልጆች፣ ግማሹ ደግሞ ለአዋቂዎች ስለሆነ፣ ልጃችሁ ያልገባው ቀልድ ላይ እናንተ ከሳቃችሁ “ምን አለ?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የአንበሳው ፊልም ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። “ላየን ኪንግ” ሁለት ነው። የ1994ቱ በእጅ የተሣለ ሲሆን፣ የ2019ኙ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። በአዲሱ ፊልም ውስጥ በእውነተኛ ካሜራ የተቀረጸው ምስል አንድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው የፀሐይ መውጫ። የቀረው ሣሩ፣ አቧራው፣ የአንበሳው ጋማ፣ ሁሉም ኮምፒውተር የሠራው ነው። ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በአሠራር ጥራት ከሆነ ከዚህ በላይ ብዙ አታገኙም።

ነገር ግን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ፣ የግልገሉ አባት የሚሞትበትን ቦታ ብቻ እዩ። በአሮጌው ፊልም የግልገሉ ቅንድብ ይወርዳል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ አፉ ይንቀጠቀጣል። ልጆች ያለቅሳሉ፤ እኔም ራሴን ለመያዝ ታግያለሁ። በአዲሱ ግን አንበሳው እውነተኛ አንበሳ ስለሆነ ቅንድብ የለውም። እውነተኛ አንበሳ ሲያዝን ፊቱ አይነግረንም። ሥዕሉ ወደ እውነት በቀረበ መጠን ኀዘኑ ራቀ። አንዲት እኅት ከልጆቿ ጋር አይታው፣ “የእንስሳት ዶክመንተሪ ሰው ሲያወራበት መሰለኝ” ስትለኝ ከዚህ የተሻለ ትችት አላነበብኩም።

እንግዲህ ስልት ማለት ይህ ነው። ጥራት “ሥራው ምን ያህል በጥንቃቄ ተሠራ?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ስልት ደግሞ “ሠዓሊው ምንን አጉልቶ ምንን ተወ?” ይላል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለኢየሱስ ሞዓ የተጻፈ ባለ ሥዕል ወንጌል አለ። የእኛ ሰዎች እንዲህ ያሉትን ጥንታዊ ሥዕሎች አይተው “ዓይናቸው ለምን ፈጠጠ? መሣል አይችሉም ነበር እንዴ?” ይላሉ። ይችሉ ነበር። ዓይኑን ያጎሉት ተመልካቹ ዓይን ለዓይን እንዲገጥም ስለፈለጉ ነው። ስለ ሥዕል አጠቃቀም ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር ያለንን ልዩነት እዚህ አላነሣም፤ የሠዓሊው ምርጫ ግን ይገባኛል።

በ2018 የወጣው የሸረሪት ሰው አኒሜሽን “ኢንቱ ዘ ስፓይደር ቨርስ” ይህንኑ አደረገ። ኮምፒውተሩ ለስላሳ እንቅስቃሴ መሥራት እየቻለ፣ ሠሪዎቹ ገና ያልሠለጠነውን ወጣት በሰከንድ 12 ሥዕል ብቻ አንቀሳቀሱት። ስለዚህ ልጁ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ አጠገቡ ያለው ልምድ ያለው ሰው ግን ይፈስሳል። እንደ ታተመ መጽሔት ነጠብጣብ ቀለምም ጨመሩበት። በፍላሽ የሚጭን አንድ ወጣት “ፓስተር፣ ፋይሉ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ይቆራረጣል” ብሎ ሊያጠፋው ነበር!

አሁን ወደ መንፈሳዊ ፊልሞች ልምጣ። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። “ቶይ ስቶሪ” ከመውጣቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1993፣ ፊል ቪሸርና ማይክ ናውሮኪ የሚባሉ አሜሪካውያን ክርስቲያኖች “ቬጂቴልስ” የተባለውን የልጆች ቪዲዮ በኮምፒውተር አኒሜሽን አውጥተዋል። ተዋናዮቹ ቲማቲምና ኪያር ናቸው። ለምን? በነበራቸው ኮምፒውተር እጅ፣ እግር፣ ፀጉርና ልብስ መሥራት ከባድ ስለነበረ ነው። አትክልት ደግሞ እነዚህ ሁሉ የሉትም። እንደ ፒክሳር እነርሱም አቅማቸውን አውቀው ስልታቸውን መረጡ። የእኔ የዳዊት ፊልም ጥፋት ድህነቱ አልነበረም። በሌለው አቅም ትልቁን ፊልም ለመምሰል መሞከሩ ነበር።

ስለ “ቬጂቴልስ” ግን ሌላም የሚነገር አለ። ድርጅቱ በ2002 የዮናስን ታሪክ ለሲኒማ ካወጣ በኋላ በ2003 ከሰረ። ቪሸር ከዓመታት በኋላ ሥራውን መለስ ብሎ ሲያይ፣ ልጆች ክርስትናን ሳያስተምሯቸው እንደ ክርስቲያን ጥሩ ጠባይ እንዲያሳዩ ብቻ ሲነግራቸው እንደኖረ በግልጽ ተናግሯል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ አሰብኩ። እኔ ራሴ ስንት ቅዳሜ “እንደ ዳዊት ጎበዝ ሁኑ” ብዬ ብቻ ልጆቹን ወደ ቤት ሰድጃለሁ?

“የክርስቲያን ፊልም” የሚለው ጽሑፍ እንግዲህ ለብቻው ዋስትና አይደለም። በ2025 የወጣው የኢየሱስን ሕይወት የሚተርክ “ዘ ኪንግ ኦፍ ኪንግስ” በደቡብ ኮሪያውያን ባለሙያዎች የተሠራ ሲሆን፣ በአሜሪካና በካናዳ ሲኒማ ቤቶች ብቻ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። ብርሃኑና ፊቶቹ ያማሩ ናቸው፤ በመንፈሳዊ አኒሜሽን እንዲህ ያለ ሥራ በማየቴ ተደስቻለሁ። ሆኖም ከአንዱ ተአምር ወደ ሌላው እየሮጠ ልጁ ቆም ብሎ የሚገረምበት ጊዜ አይሰጠውም። የ1998ቱ “ዘ ፕሪንስ ኦፍ ኢጅፕት” ሰዎቹ በእጅ ተሥለው፣ ኮምፒውተር እንደ ባሕሩና እንደ ብዙ ሕዝብ ባሉት ላይ የረዳበት ፊልም ነው፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ ይበልጣል። የዕብራውያን ሕፃናት የተገደሉበትን ነገር እንዴት ለልጅ ታሳያላችሁ? እነርሱ በሙሴ ሕልም ውስጥ የግብፅ የግድግዳ ሥዕሎች ተነሥተው እንዲንቀሳቀሱ አደረጉ። ደም የለም፤ ጠፍጣፋ ሥዕል ብቻ ነው። ልጁ የሆነውን ያውቃል፣ ግን አይሰበርም። ይህን ያደረገው ገንዘብ ሳይሆን ስለ ልጁ ማሰብ ነው። እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በጥበብና በእጅ ሥራ እንደ ሞላው በዘጸአት 31 እናነባለን። ባስልኤል በፈርዖን ቤት ከነበረው ወርቅ የሚበልጥ ወርቅ እንደ ነበረው ግን አላነበብኩም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረውን “ፀሐይ መማር ትወዳለች”ን የማያስታውስ ወላጅ ጥቂት ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርት ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው ሥራ ነው። ፀሐይ በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት ቀጭኔ ነበረች። በአሠራር ከፒክሳር ጋር አትወዳደርም፤ ነገር ግን በአማርኛ ትናገር ነበር፤ እጅ መታጠብንም ፊደልንም ልጆቻችን በሚያውቁት ቤት ውስጥ ታስተምር ነበር። ኮምቦልቻ ያለች አንዲት እናት ልጇ በዲሽ ኤም ቢ ሲ 3ን እያየች ዐረብኛ መልመዷን በደስታ ነገረችኝ። ቋንቋ መልመዷ መልካም ነው። “ፊልሙ ምን ይላል?” ስላት ግን እናትየው አታውቅም፤ ልጅቷም ሥዕሉን እንጂ ታሪኩን አልነገረችኝም። ይኸው ቡድን ኋላ የሠራው “ጥበብ ገርልስ” ደግሞ በኮምፒውተር የተሣለ አኒሜሽን ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰሉ ጉዳዮችን የሚጋፈጡ ሴት ልጆችን ያሳያል። በእኛ በወሎ ገጠር ይህ ተረት አይደለም።

ወላጆች ሆይ፣ እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ፊልሙን ለልጆቹ ከማሳየቴ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ድምፁን አጥፍቼ አየዋለሁ። ከፊታቸውና ከእንቅስቃሴያቸው ማን እንዳዘነ፣ ማን እንደሚዋሽ ከገባኝ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ቀጥሎ ዓይኔን ጨፍኜ አምስት ደቂቃ አዳምጠዋለሁ። ጩኸትና ሙዚቃ ብቻ ከሆነ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ እተወዋለሁ። ከዚያም መጨረሻውን አያለሁ። ክፉው የተሸነፈው በምንድን ነው? በጉልበት ብቻ ነው ወይስ በሌላ?

በዚህ መንገድ ከመረጥኳቸው አንዱ በ2024 የወጣው የላትቪያው “ፍሎው” ነው። አንድም ቃል የለበትም። ሠሪዎቹ ብሌንደር የሚባለውን ማንም በነጻ ሊያወርደው የሚችለውን ፕሮግራም ተጠቅመው፣ ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ጋር ሲነጻጸር በጣም አነስተኛ በሆነ በጀት ሠርተውት፣ በ2025 የአኒሜሽን ኦስካርን ወሰዱ። የድመቷ ፀጉር አንድ በአንድ አይቆጠርም፤ በብሩሽ የተቀባ ይመስላል። አረማመዷ ግን የድመት ነው። ውኃ ምድሩን ሲሞላ በአንዲት ጀልባ ላይ ከማያውቋት እንስሳት ጋር ትሄዳለች። ቤተ ክርስቲያናችን ኮምፒውተር የሚያውቁ ወጣቶች ስላሏት፣ ስለ ብሌንደር የጻፍኩት በተለይ ለእነርሱ ነው።

ባለፈው ክረምት አሳየናቸው። የሚተረጎም ቃል ስለሌለ እኔ ዝም አልኩ፣ ልጆቹ ግን ራሳቸው በአማርኛ መተረክ ጀመሩ። ጀልባዋ ብቅ ስትል ያ የአንበሳውን ጥያቄ የጠየቀኝ ልጅ ተነሥቶ፣ “ፓስተር፣ ኖኅ የታለ?” አለኝ። እኔ ሳልመልስ አንዲት ልጅ “ይህ የኖኅ አይደለም፣ ዝም ብለህ እይ” አለችው። ፊልሙ ገና ሳያልቅ መብራት ሄደ። ጨለማው ውስጥ ሁለቱ ስለ ኖኅ መከራከራቸውን አላቆሙም፤ ሌሎቹም ገቡበት። ወላጆቻቸው ሊወስዷቸው ሲመጡ ገና ድመቷ ትድን ወይም አትድን አልተስማሙም ነበር።