የኑክሌር ኃይል ማመንጫን ማን ይሠራል? ከተሠራ በኋላስ?

(በመካነ ኢየሱስ ከተማ ከተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ የተገለበጠ)



በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያና ሩሲያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራረሙ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ሠሪው ማን ነው?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ገና ግማሹ ነው።

ሬአክተር በመሠረቱ ውኃ ማፍያ ነው። የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ ከሚወጣው ሙቀት እንፋሎት ይገኛል፤ እንፋሎቱም ተርባይን ያዞራል። በዓባይ ላይ የወራጁ ውኃ ጉልበት የሚሠራውን፣ እዚህ እንፋሎት ይሠራዋል። ከባዱ ሙቀቱን መግራትና ጨረሩን አጥሮ መያዝ ነው፤ ስለዚህም ለሌላ አገር ገንብተው የሚያስረክቡ አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ዛሬ በዓለም በግንባታ ላይ ካሉት 60 ገደማ ሬአክተሮች ግማሽ ያህሉ በቻይና ምድር ይገኛሉ። ይሁንና ቻይና በአብዛኛው የምትሠራው ለራሷ ነው፤ በውጭ ዋና ደንበኛዋ ፓኪስታን ናት። ለሌሎች በመሥራት ቀዳሚዋ ሩሲያ ስትሆን፣ ሮሳቶም በተባለው መንግሥታዊ ድርጅቷ በኩል በግብጽ፣ በቱርክና በባንግላዴሽ ትገነባለች። ደቡብ ኮሪያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ተዋውላ አራት ሬአክተሮችን አስረክባለች። በአህጉራችን እስካሁን ብቸኛ የሆነውን የደቡብ አፍሪካ ማመንጫ፣ ኩበርግን፣ የሠሩት ፈረንሳዮች ናቸው። እነዚሁ ባለሙያዎች በገዛ አገራቸው በ2007 የጀመሩትን የፍላማንቪል ሬአክተር ከኤሌክትሪክ ቋት ጋር ያገናኙት በ2024 መጨረሻ ነው። የሥራ መጓተት የእኛ ብቻ የሚመስላቸው ወዳጆቼ ይህን ልብ ይበሉልኝ።

አሁን ወደ ቀረው ግማሽ እንለፍ። ግብጽ በኤል ዳባ ለምታስገነባቸው አራት ሬአክተሮች የወጪውን 85 በመቶ የሚሸፍን፣ እስከ 25 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የሩሲያ ብድር ወስዳለች። ውሉ ግን በግንባታ አያበቃም። የማመንጫው ዕድሜ እስኪያልቅ ነዳጅ ማቅረብን፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት በሥራ ማንቀሳቀስ ማገዝን፣ ያገለገለ ነዳጅ ማከማቻ መሥራትንም ይጨምራል። በቱርኩ አኩዩ ደግሞ የማመንጫው ዋና ባለቤት ራሷ ሩሲያ ናት፤ ቱርክ የምትገዛው ኤሌክትሪኩን ነው።

ከዚህ ወደ ሞጣ የሚያሻግረውን ሰባራ ድልድይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገርለታል። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ ሰው በገመድ እየተጎተተ ሲሻገርበት ብዙ ዓመት ኖሯል። ለሬአክተር እንዲህ ያለ የገመድ መሻገሪያ የለውም። 60 ዓመት ያህል እንዲያገለግል ይሠራል፤ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ከነዳጁ ከፊሉ ይለወጣል፤ ነዳጁም በዚያው ሬአክተር ልክ የተሠራ መሆን አለበት። ከዓለም ዩራኒየም የማበልጸግ አቅም 40 በመቶ ገደማው በሩሲያ እጅ ነው። ዩክሬን በሶቪየት ንድፍ ለተሠሩ ሬአክተሮቿ የአሜሪካ ኩባንያ ነዳጅ ለመተካት ረጅም ዓመታት ፈጅቶባታል።

ሐሳቡን እቃወማለሁ ማለቴ አይደለም። ከኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ ነው፤ ተከታታይ ድርቅ ቢመጣ የምንደገፍበት ሌላ ምንጭ ያስፈልገናል። ነገር ግን ዝርዝር ውሉ ሲመጣ ብድሩ በምን ወለድ እንደሆነ፣ ያገለገለው ነዳጅ የት እንደሚያርፍ፣ ተቆጣጣሪው አካል ከአስገንቢው ነጻ ስለመሆኑ መጠየቅ የእናንተም መብት ነው።

ቋቱም አይዘንጋ። በተለመደው የምህንድስና ምክር አንድ ማመንጫ ከጠቅላላው ቋት 10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ኤል ዳባን የመሰለ 1,200 ሜጋዋት ሬአክተር ድንገት ቢቆም አገር በሙሉ ጨለማ እንዳይወድቅ ነው። ስለዚህ ከሬአክተሩ አስቀድሞ ብዙ የማስተላለፊያ መስመርና ማከፋፈያ ጣቢያ መሠራት ይኖርበታል። ይህ ሥራ ሮሳቶምን አይጠብቅም፤ ዛሬም መጀመር ይቻላል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።