ሻወር ቤቱ እስኪደርቅ

ታጥበው ወጡ፤ መብራቱን አጠፉ። ከመብራቱ ጋር ግድግዳው ላይ ያለው አየር ማውጫም ዝም አለ። መስታወቱ ግን ገና ጉም እንደለበሰ ነው፤ ሴራሚኩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ፎጣው ርሷል። ማሽኑ የቆመው እንፋሎቱ በጣም በበዛበት ሰዓት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ ሲል ቀለም ቀቢ ይጠራል። ሻጋታው አዲሱን ቀለም ሰንጥቆ ይመለሳል።

አየር ማውጫ የምለው ገበያ ላይ ኤግዞስት ፋን የሚባለውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሻወር ቤታቸው መስኮት የሌለው፣ ወይም ወደ ሻፍት ብቻ የሚከፈት አፓርታማዎች አሉ። ሻፍት ማለት ሕንፃውን ከታች እስከ ላይ የሚያቋርጠው የአየርና የቧንቧ ጉድጓድ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ይህ ትንሽ ማሽን የመስኮት ምትክ ነው። ታዲያ መቼ ይነሣ? መቼስ ይቁም? ይህን ለመወሰን ሁለት ዘዴ አለ፤ አንዱ ታይመር ነው፣ ሌላው የእርጥበት ሴንሰር።

መጀመሪያ ግድግዳው ለምን እንደሚረጥብ እንይ። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ተን ይይዛል። 10 ዲግሪ ላይ ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም። የሻወሩ ሞቃት አየር ብርድ ያደረበትን ግድግዳ ሲነካ ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። የፋኑ ሥራ ያ አየር ግድግዳው ላይ ሳያራግፍ ከቤት ማስወጣት ነው።

ስንት ደቂቃ ይበቃል? ሻወር ቤትዎ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ቢሆን፣ ከፍታውም 2.6 ቢሆን፣ የሚይዘው አየር 8 ሜትር ኩብ አይሞላም። በሰዓት 80 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ፋን ይህን በ6 ደቂቃ ገደማ ያስወጣዋል። አንድ ጊዜ ማስወጣት ግን አይበቃም። የሚገባው አየር ከነባሩ ጋር ይቀላቀላል፤ ግድግዳውና ፎጣውም ውሃቸውን ቀስ እያሉ ይለቃሉ። የእንግሊዝ የግንባታ መመሪያ የሚከፈት መስኮት ለሌለው ሻወር ቤት ሰው ከወጣ በኋላ የ15 ደቂቃ ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል። ለእኛም ቤት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው።

ታይመር ያለው ፋን ይህንኑ ያደርግልዎታል። መብራቱን ሲያበሩ ይነሣል፤ ሲያጠፉ ግን አይቆምም። ውስጡ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ደቂቃ መቁጠር ትጀምራለች፣ የተሞላላት ጊዜ ሲያልቅ ታቆመዋለች። ደቂቃው የሚስተካከለው ሽፋኑ ሥር ባለች ትንሽ ብሎን፣ በቀጭን ካቻቪቴ ነው። ሽፋኑን ከመክፈትዎ በፊት ብሬከሩን ያውርዱ። መብራቱን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱን አሁን እነግርዎታለሁ።

ተራ ፋን በሁለት ሽቦ ይሠራል፤ ከማብሪያ ማጥፊያው በሚመጣ ፌዝ፣ ማለትም ኮረንቲ ባለበት ሽቦ፣ እና በኒውትራል፣ ማለትም በመልስ ሽቦው። ታይመር ያለው ግን ሦስተኛ ሽቦ ይፈልጋል፤ መብራቱ ቢጠፋም ኮረንቲው የማይቋረጥ ፌዝ። ያለዚያ መብራቱ ከጠፋ በኋላ በምን ይዞራል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፋኑን ገዝቶ ይመጣል፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግድግዳውን ያያል፣ ቱቦው ውስጥ ሁለት ሽቦ ብቻ ይገኛል። ቱቦው ሰፊ ከሆነ ሦስተኛውን ስቦ ማስገባት ይቻላል። ካልሆነ ሴራሚክ መስበር ሊመጣ ነው፤ ያኔ የእጅ ዋጋው ከፋኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሽቦው ይታይ፣ ከዚያ ፋኑ ይገዛ።

ፋኑ ከመብራቱ የተለየ የራሱ ማብሪያ ካለው ግን ሦስተኛው ሽቦ አያስፈልግም። ማብሪያውን አውጥቶ በምትኩ እንደ ድሮ ሰዓት የሚጠመዘዝ ባለስፕሪንግ ታይመር መግጠም ይቻላል። 20 ደቂቃ ላይ ጠምዝዘው ይወጣሉ። ኤሌክትሮኒክስ የለውም፤ እኔ እወደዋለሁ።

የእርጥበት ሴንሰሩስ? እሱ ሰዓት ሳይሆን አየሩን ነው የሚያየው። የሚለካው አንጻራዊ እርጥበትን ነው፤ ይኸውም አየሩ በዚያ ሙቀት መሸከም ከሚችለው ውሃ ስንት በመቶውን እንደያዘ። ሴንሰሩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን እርጥበት ሲጠጣ የኤሌክትሪክ ጠባዩ ይለወጣል። ሰሌዳው ያንን አንብቦ ከሞሉት ቁጥር ሲያልፍ ፋኑን ያስነሣል፣ ሲወርድ ያቆማል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የስዊዙ ሳይንቲስት ደ ሶሲዩር በ1783 የእርጥበት መለኪያውን የሠራው በሰው ፀጉር ነበር፤ ፀጉር ሲረጥብ ይረዝማል። ፀጉሯን ተተኩሳ እንፋሎት ውስጥ የገባች ሴት ፀጉር እርጥበትን እንደሚያውቅ አስረጂ አትፈልግም።

ሴንሰሩ ጥሩ የሚሆነው ሰው በሚረሳበት ቤት ነው። ልጆች መብራት ሳያበሩ ቢታጠቡ፣ የታጠበ ልብስ ሻወር ቤት ውስጥ ቢሰጣ፣ በራሱ ይነሣል። በሌላ በኩል ለሽታ ምንም አያደርግም፤ ሽታ እርጥበት አይደለምና። ለመጸዳጃው ሲባል በማብሪያም መነሣት የሚችለውን ሞዴል ይምረጡ።

ትልቁ ችግር ክረምት ነው። ፋን አየር አይሠራም፤ የሻወር ቤቱን አየር አውጥቶ ከኮሪደሩ ይተካዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የኮሪደሩ አየር ራሱ እርጥብ ነው። ሴንሰሩን 60 በመቶ ላይ ካደረጉት አየሩ ወደዚያ ቁጥር ላይወርድ ይችላል፤ ፋኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድራል፣ እርስዎም ተበላሽቷል ብለው ይመልሱታል። ክረምት ሲገባ ወደ 75 ወይም 80 ከፍ ያድርጉት፤ በበጋ ወደ 65 ይመልሱት። የእርጥበቱ ቁጥር ሳይሆን የጭማሪው ፍጥነት የሚያስነሣቸው ሞዴሎችም አሉ፤ ድንገተኛ እንፋሎትን ከዝናብ ቀን እርጥበት ይለያሉ። ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል።

የመብራት ሂሳቡ ያሳስብዎት ይሆናል። አይስጉ። ትንሽ የሻወር ቤት ፋን 15 ዋት ገደማ ይወስዳል። በቀን 2 ሰዓት ቢሠራ በወር 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ይህን በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። ፋኑ ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ቢሠራ እንኳ በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። በብር ለማወቅ ይህን ቁጥር ሂሳብዎ ላይ ባለው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ያባዙት።

ለንደን ወይም ፍራንክፈርት ያለ ዘመድዎ ግን ሌላ ሂሳብ አለው። እዚያ ፋኑ የሚያወጣው በገንዘብ የሞቀ አየር ነው። በሰዓት 54 ሜትር ኩብ አየር ቢወጣ፣ ውጭው ከቤቱ በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ አብሮ የሚሄደው ሙቀት ወደ 270 ዋት ይጠጋል፤ ከሞተሩ ፍጆታ ብዙ እጥፍ። ሴንሰር እዚያ ገንዘቡን ሊመልስ የሚችለው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ቤታችንን በማሽን ስለማናሞቅ ያ ኪሳራ የለብንም። ስለዚህ በእኔ ግምት ለአብዛኛው ቤት ታይመር ይበቃል፤ ለሴንሰር ተጨማሪ የሚከፍለው ሻወር ቤቱ ውስጥ ልብስ የሚያሰጣ ወይም ማብሪያ የሚረሳ ሰው ያለበት ቤት ነው።

ከአሜሪካ ፋን ይላክልኝ ካሉ ይጠንቀቁ። የዚያ አገር ፋን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። በቀጥታ ቢገናኝ ይቃጠላል።

ሲያስገጥሙ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ አየሩ የት ይወጣል? ኮርኒሱ ውስጥ ከተለቀቀ ሻጋታውን ከዓይንዎ ደበቁት እንጂ አላጠፉትም። ቱቦው ውጭ ወይም ሻፍቱ ድረስ ይድረስ፤ ባጠረና መታጠፊያው ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ሁለተኛ፣ ወደ ውጭ ብቻ የምትከፈት መዝጊያ አለችው? ከሌለችው ፋኑ ሲቆም የጎረቤት ቁሌት በሻፍቱ አድርጎ ሻወር ቤትዎ ይገባል።

ነባሩ ፋንዎ መሳቡን ለማወቅ በሩን ዘግተው አንድ ቅጠል ሶፍት ሽፋኑ ላይ ያስጠጉ። ተለጥፎ ከቀረ ደህና ነው። ከወደቀ፣ አዲስ ለመግዛት አይቸኩሉ። በሩን ገርበብ አድርገው እንደገና ይሞክሩ። አሁን ከተለጠፈ ፋኑ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የሚገባ አየር ነው። በሩ ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር አናጢ ትንሽ ይላግልዎት። አሁንም ከወደቀ ብሬከሩን አውርደው ሽፋኑን ያውጡና አቧራውን ይጥረጉ።