ከልደታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተማ፦ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ለልጁ የክፍል ቦታ ተገኝቷል?

«የልደታውን ኮንዶሚኒየም እናከራየው፤ እኛ ወልቂጤ ወይ ደብረ ብርሃን ተከራይተን እንግባ። ኑሮው ይቀለናል፣ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ስለሆነ ደግሞ ትምህርቱም ጥሩ ነው።»

ሐሳቡ ቤት ውስጥ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚነሳው። ከዚያ እናት ወይ አባት ስልክ ወደያዘው ልጅ ዞር ይሉና «እስቲ እየው፣ እንዴት ነው ከተማው?» ይላሉ። ያ ስልክ የያዘው ልጅ እናንተ ናችሁ። ውሳኔው የወላጅ ቢሆንም መረጃውን የምታመጡት እናንተ ስለሆናችሁ፣ ምን ምን መጣራት እንዳለበት አንድ በአንድ እናያለን። የታናሽ እህት ወንድማችሁ የትምህርት ዓመት ነው ያለው እዚህ ውስጥ።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ቤተሰብ ጥሩ ትምህርት ቤት ፍለጋ ከተማ ለመቀየር ቢያስብ አይፈረድበትም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት ተመልከቱ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች፦

▪️ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ
▪️ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ
▪️ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ
▪️ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ

በ2015ቱ ፈተና 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንዲህ ባለበት አገር «ልጄ የት ይማር?» የሚለው ጥያቄ «የት እንኑር?» ወደሚለው ቢያድግ አይገርምም።

«ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ» የሚለው ሐሳብም ታሪክ አለው። ቀድሞ ዓለማያ ይባል የነበረውን ሐረማያን እንውሰድ። የእርሻ ኮሌጁ በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተጀመረ ነው። ግቢው ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለተሠራ፣ መምህራኑ ቤተሰባቸውን ይዘው እዚያው እንዲኖሩ መኖሪያ ቤት፣ ክሊኒክ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ያስፈልግ ነበር። ትንሽ ከተማ፣ ትልቅ ኮሌጅ፣ ለልጆችም ትምህርት የሚለው ሥዕል ከእንደዚህ ዓይነት ቦታ ነው የመጣው።

ያኔ ግን እንደ ዓለማያ ያለ ቦታ ጥቂት ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ስለዚህ «ዩኒቨርሲቲ አለው» ማለት እንደ ድሮው ከተማውን የተለየ አያደርገውም።

ዩኒቨርሲቲውና ትምህርት ቤቱ አንድ ቤት አይደሉም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው። በዚያው ከተማ ያለው የመንግሥት አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን የሚተዳደረው በክልሉ ትምህርት ቢሮ እና ከሱ በታች ባሉት የዞን፣ የከተማና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ነው። በጀታቸው ሌላ፣ መምህር የሚቀጥረው ሌላ። ዩኒቨርሲቲው ስላማረ ጎረቤቱ ያለው ትምህርት ቤት ያምራል ማለት አይደለም።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አንሂድ። በተለምዶ ሕንፃ ኮሌጅ የሚባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው እዚሁ ልደታ ነው። ታዲያ ልጁን 3ኛ ክፍል ሲያስመዘግብ «ሕንፃ ኮሌጅ ቅርብ ስለሆነ» ብሎ ትምህርት ቤት የመረጠ የልደታ ሰው ታውቃላችሁ?

ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ለልጆች የሚጠቅመው አንድ ነገር ሲኖረው ነው፤ የራሱ ትምህርት ቤት። የጅማ እና የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ኮሚዩኒቲ ትምህርት ቤት አላቸው፤ ሐረማያ ደግሞ ሞዴል ትምህርት ቤት አለው። ነገር ግን እነዚህ መጀመሪያ የታሰቡት ለሠራተኛው ልጅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ሲሆን ለውጭ ሰው የሚተርፈው ቦታ ውስን ነው። ስለዚህ «ኮሚዩኒቲ ትምህርት ቤት አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ጥያቄው «ሠራተኛ ላልሆነ ቤተሰብ ልጅ፣ በዚህ ክፍል፣ ለመጪው መስከረም ቦታ አለ?» የሚለው ነው። መልሱ «እናያለን» ከሆነ ቦታ እንደሌለ ቁጠሩት።

ቋንቋውን ከቤት ኪራዩ በፊት

ከልደታ የሚወጣ ቤተሰብ በጣም የሚረሳው ይህንን ነው። ክልሎች በአንደኛ ደረጃ የሚያስተምሩበትን ቋንቋ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው።

▪️ አምቦ (120 ኪ.ሜ. ገደማ) እና ጅማ (350 ኪ.ሜ. ገደማ) ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናቸው፤ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ሐረማያም እንዲሁ።
▪️ ደብረ ብርሃን (130 ኪ.ሜ.) አማራ ክልል ውስጥ ስለሆነ ማስተማሪያው አማርኛ ነው።
▪️ ወልቂጤ (155 ኪ.ሜ. ገደማ) በማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ አርባ ምንጭ (ከ400 ኪ.ሜ. በላይ) በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ናቸው። የክልሎቹ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በታችኛው ክፍል ግን የአካባቢው ቋንቋ ሊሰጥ ስለሚችል ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ የሚነገር ከሆነ አምቦ ወይም ጅማ መሄድ ለልጁ ጥቅም ሊሆን ይችላል። ቋንቋውን ሰምቶ የማያውቅ የ4ኛ ክፍል ልጅ ግን ሒሳብና ሳይንሱን በአዲስ ቋንቋ ከዜሮ ሊጀምር ነው። በአንዳንድ የኦሮሚያ ከተሞች በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ የምትሄዱበት ከተማ ውስጥ መኖሩን፣ ካለም የት ሰፈር እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ። ቤት የምትከራዩት ከዚያ በኋላ ነው።

እንግሊዝኛም ላይ ልዩነት አለ። ለዓመታት በአዲስ አበባ የማስተማሪያው ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የሚቀየረው ከ7ኛ ክፍል ሲሆን በኦሮሚያ ከ9ኛ ክፍል ነበር። ከ9ኛ ክፍል በላይ በሁሉም ክልል እንግሊዝኛ ስለሆነ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ችግሩ ይቀላል።

ስንተኛ ክፍል ሲሆን?

የ6ኛ እና የ8ኛ ክፍል ፈተናዎችን የሚያዘጋጁት ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች በየራሳቸው ናቸው። የታችኛው ክፍል መጻሕፍትም በክልል ደረጃ ነው የሚዘጋጁት። በመጽሐፍ ሲማር የቆየ የ8ኛ ክፍል ልጅን በዓመቱ አጋማሽ ወስዶ በሌላ ክልል ፈተና ላይ ማስቀመጥ ልጁን መጉዳት ነው። 12ኛ ክፍል ደግሞ ፈተናው አገር አቀፍ ቢሆንም፣ በመጨረሻው ዓመት መምህርና ጓደኛ መቀየር በራሱ ከባድ ነው።

የሚሻለው ጊዜ ደረጃ የሚቀየርበት ነው፤ 6ኛን ጨርሶ ወደ 7ኛ ወይም 8ኛን ጨርሶ ወደ 9ኛ ሲያልፍ፣ ክረምት ላይ።

«እዚያ ከኖርን እዚያው ይመደባል» እውነት ነው?

አይደለም። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የሚታየውም በዋናነት ውጤትና የተማሪው ምርጫ ነው። ወልቂጤ ስለኖራችሁ ብቻ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳችኋል የሚል ዋስትና የለም። ራስ ገዝ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ተማሪ የሚቀበለው በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው። «ዶርም ሳይገባ ከቤት ሆኖ ይማራል» የሚለውን ሒሳብ ከዕቅዱ አውጡት።

ብሩ እና ወረቀቱ

ቤት ኪራይ፦ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህ ሁለት ጎን አለው። የልደታውን ቤት ካከራያችሁ፣ አዲሱ ከተማ አልሆን ቢላችሁ በስድስት ወር ተመልሳችሁ መግባት ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት «ካልተሳካ የት እንገባለን?» የሚለው መልስ ያግኝ።

ገቢ፦ የወላጅ ሥራ አዲስ አበባ ከሆነና በየሳምንቱ የሚመላለስ ከሆነ፣ የትራንስፖርቱ ወጪ በኪራይ የተረፈውን ሊበላው ይችላል። ደምሩት።

ሕክምና፦ ክትትል ያለው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሐኪሙም መድኃኒቱም እዚያ መገኘቱን አጣሩ።

ደኅንነት፦ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተካሄደው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በኦሮሚያም በአንዳንድ አካባቢዎች መንገዱ ሥጋት ያለበት ጊዜ አለ። ከተማው ሰላም ነው ሲባል መንገዱንም ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት ትምህርት ስንት ቀን እንደተቋረጠም ጠይቁ።

ወረቀት፦ ከወረዳ የነዋሪነት መሸኛ፣ ከትምህርት ቤት መልቀቂያና የውጤት ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ 6ኛን ወይም 8ኛን ለጨረሰ ልጅ የፈተናው ውጤት፣ የፋይዳ ቁጥር። የትምህርት ቤት ክፍያ ያልተጠናቀቀ ከሆነ መልቀቂያው እንዳይዘገይ ቀድማችሁ ጨርሱ። ጳጉሜ ላይ መሯሯጥ ከጀመራችሁ ጥሩው ትምህርት ቤት ሞልቶ ነው የምትደርሱት።

እናንተ አሁን ማድረግ የምትችሉት

1. የሦስት ትምህርት ቤት ስም ያዙ፤ አንድ የመንግሥት፣ አንድ የግል፣ ካለ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው።
2. ለእያንዳንዱ ይህን ጠይቁ፦ «ባለፉት ሦስት ዓመታት 12ኛ ክፍል ስንት ተማሪ አስፈተናችሁ? ስንቱ 50 በመቶና በላይ አመጣ?» በመቶኛ ብቻ አትቀበሉ። አሥር ተማሪ አስፈትኖ አምስት ያሳለፈና ሦስት መቶ አስፈትኖ መቶ ሃምሳ ያሳለፈ ሁለቱም «50 በመቶ» ይላሉ። እስከ 8ኛ ክፍል ብቻ ከሆነ የክልሉን ፈተና ውጤት ጠይቁ።
3. በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ፣ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር መኖሩን ጠይቁ።
4. ከወላጅ አንዱ በሥራ ቀን፣ ትምህርት ባለበት ሰዓት፣ ሄዶ ይይ። ቅዳሜ የታየ ግቢ ምንም አይናገርም፤ በስልክ ላይ ያማረ ፎቶም እንዲሁ።
5. እዚያው ከተማ ልጁን የሚያስተምር ወላጅ ፈልጋችሁ አውሩ። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ልጆቻቸውን የት እንደሚልኩ ማወቅ ብቻውን ብዙ ይነግራል።

በአጭሩ፦ ለልጁ በስሙ የተያዘ የክፍል ቦታ፣ የሚገባው የማስተማሪያ ቋንቋ፣ የማይቋረጥ የቤተሰብ ገቢ። ሦስቱም ካሉ ትንሽ ከተማ መሄድ መልካም ነው፤ ልጁ በእግሩ ትምህርት ቤት ይደርሳል፣ ወላጅም በታክሲ ሰልፍ የሚያጠፋውን ሰዓት ለልጁ ያገኛል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ዩኒቨርሲቲው የቱንም ያህል ቢያምር ጉዳዩን ለአንድ ዓመት ማቆየት ይሻላል። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ የጎደለውን መሙላት ይቻላል፤ የባከነ የትምህርት ዓመት ግን አይመለስም።

ዕቅድ ያለው ቤተሰብ ካላችሁ ይህን አካፍሏቸው።