የላላች ቪስና ሕጉ

ከኢንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲጓዙ ፓራውልቱን በሲባጎ ያሰረ ሚኒባስ አይተው ይሆናል። ፋይበር እንደ ብረት ጥርስ አይዝም፤ ንዝረትና ከልክ ያለፈ ማጥበቅ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በወፍራም ቪስ መተካት ችግሩን ማሳደር ነው፤ ስቱኮም ብቻውን ይሰነጠቃል። ደህና ባለሙያ ቀዳዳውን አጽድቶ በብርጭቆ ወረቀት ያሻክረዋል፤ የፋይበር ክር የተቀላቀለበት ኢፖክሲ ይሞላዋል፤ ሲደርቅ ከቪሱ በቀጠነ መሰርሰሪያ ይበሳዋል። የኢንጅባራ ብርድ ማድረቁን ስለሚያዘገይ አይቸኩልም። ከጀርባ እጅ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ቡሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ይሻላሉ።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ተጠያቂ ያደርጋል። ፓራውልቱ መንገድ ላይ ወድቆ ሰው ቢጎዳ፣ «ጥፋቱ የጋራዡ ነው» ማለት ከተጎጂው ክስ አያድንም።