የድሮውን አልበም ቃል በቃል ትሰማላችሁ፤ ሰው ሲያወራችሁስ?



በቅርቡ አንድ የ31 ዓመት ወንድማችን ከባለቤቱ ጋር መጣ። ታሪኩን ስሙን ሳልጠቅስ እንዳካፍላችሁ ፈቅዶልኛል። የሚኖረው ቡራዩ፣ ሥራው ፒያሳ ነው። ገና ሳይቀመጥ፣ "ዶክተር፣ እኔ ምንም አልሆንኩም። እሷ ናት አልሰማ ብለሃል ብላ ጎትታ ያመጣችኝ" አለኝ። ባለቤቱ ደግሞ፣ "የ4 ዓመት ልጃችን ሦስቴ ጠርታው ዝም ሲላት አኩርፋ ትሄዳለች" አለች።

እሱ ማስረጃ ነበረው። ሰሞኑን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» አልበም ስልኩ ላይ ጭኖ፣ ጠዋትና ማታ ታክሲ ውስጥ እየሰማ ነው። "አንድ ቃል አያመልጠኝም። ጆሮዬ ቢደክም ይሄን እሰማ ነበር?"

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ብዙዎቻችሁን ስለሚመለከት ዛሬ ስለሱ እናውራ።

አልበሙን ለማታስታውሱት፦ «ኤርታሌ» በ2005 ዓ.ም. የወጣ የጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው። ስሙን ያገኘው ከአፋሩ እሳተ ገሞራ ነው። ፕሮዲውሰሩ ከእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ጋርም የሠራው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። የሀገራችንን ቅኝት ከከባድ ሮክ ጊታር ጋር አጋጥመው ሲመጡ ለብዙ ወጣት አዲስ ነገር ነበር። ሊንኪን ፓርክን እየሰማ ላደገ ሰው ደግሞ፣ "በቃ፣ በራሳችን ቋንቋ መጣልን" የሚያሰኝ ነው። ይሄ ወንድማችን ያኔ 12ኛ ክፍል ነበር።

ከዓመታት በኋላ ለምን እንዲህ ይጣፍጣል?

ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ የገጠሙን ነገሮች ከሌላው ጊዜ በተለየ አእምሯችን ውስጥ ጠልቀው ይቀራሉ። የዚያን ጊዜ ሙዚቃም እንደዚያው ነው። የምንወደውን ዘፈን ስንሰማ ዶፓሚን የተባለው የደስታ ንጥረ ነገር ይመነጫል። ለዚህ ነው አንድ ጊታር ብቻ ሰምታችሁ የድሮ ክፍላችሁ፣ የድሮ ጓደኛችሁ፣ የደብተራችሁ ሽታ ሳይቀር የሚመጣባችሁ። ይሄ ጤናማ ነገር ነው፤ አጣጥሙት።

ታዲያ ማስረጃው ለምን አልሠራም?

ምክንያቱም የምንሰማው በጆሮ ብቻ አይደለም። በደንብ የምናውቀው ዘፈን መሀል ላይ ለአፍታ ቢቋረጥ እንኳ፣ አእምሮ የጎደለውን ከትዝታ አውጥቶ ይሞላዋል። ግጥሙን በቃሉ የያዘ ሰው ግማሹን በጆሮው፣ ግማሹን በትዝታው ነው የሚሰማው። ልጁ "አባ፣ ጫማዬ የት አለ?" ስትለው ግን የሚሞላ ትዝታ የለም። አዲስ ወሬ ነው። እዚያ ላይ ጆሮው ብቻውን ይቀራል።

ስለዚህ "የማውቀውን ዘፈን ጥርት አድርጌ እሰማለሁ" ማለት ጆሮዬ ደህና ነው ማለት አይደለም።

የጆሮ ኩክ፣ ኢንፌክሽን፣ ጆሮን የሚጎዱ መድኃኒቶች፣ ሁሉንም አጣራን። ከዚያ የመስማት ምርመራ ተደረገለት። 4,000 ኸርዝ አካባቢ በሁለቱም ጆሮ በኩል መውረድ አለ። ይሄ ከፍተኛ ድምፅ የሚያመጣው ጉዳት የተለመደ ምልክቱ ነው። እንደ "ስ"፣ "ፍ"፣ "ት" ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ያሉት ከፍ ባለው ክልል ነው። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ሰው፣ "ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚሉት ግን አይገባኝም" የሚለው። የሕፃን ድምፅ ደግሞ በተፈጥሮው ቀጭን ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይመጣል?

በእያንዳንዱ የውስጥ ጆሯችን ውስጥ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። ሲሞቱ ዳግም አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው የማዳመጥ ገደብ እንዲህ ነው፦

👉 80 ዲሲቤል፦ በሳምንት 40 ሰዓት
👉 90 ዲሲቤል፦ በሳምንት 4 ሰዓት
👉 100 ዲሲቤል፦ በሳምንት 20 ደቂቃ ገደማ

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከሰበታ በዓለም ገና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ እንጦጦን አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው፣ መንገዱ ሲዘጋጋ ለአንድ ጉዞ አንድ ሰዓት ቢፈጅበት አይገርምም። ደርሶ መልስ 2 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ 12 ሰዓት። ታክሲው ይጮኻል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ መስኮቱ ይንኳኳል። ሙዚቃው ከዚያ ጫጫታ በላይ እንዲሰማ ድምፁን እንጨምራለን። 90 ዲሲቤል ከደረሰ የሳምንቱን ገደብ 3 እጥፍ አለፍን ማለት ነው። ይሄ ወንድማችን ከ12ኛ ክፍል ጀምሮ እንደዚህ ነው የኖረው።

ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ሞክሩት

ቤት ያለ ሰው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከኋላችሁ ይቁም። አንዱን ጆሯችሁን በጣት ሸፍናችሁ እያሻችሁ፣ በሌላው በኩል ያልጠበቃችሁትን 3 ፊደልና ቁጥር በሹክሹክታ ይንገራችሁ፤ ለምሳሌ "4፣ ቀ፣ 7"። ሦስቱንም ካገኛችሁ ጥሩ። ከሳታችሁ ሌላ 3 ይጨምር። ከ6ቱ 3 እንኳ ካልያዛችሁ ተመርመሩ። ሁለቱንም ጆሮ ለየብቻ ሞክሩ። ይሄ መነሻ ነው እንጂ የሕክምና ምርመራን አይተካም።

ምን እናድርግ?

1. የስልኩን ድምፅ ከ60 በመቶ አታሳልፉ።
2. ጫጫታ ውስጥ ከመጨመር፣ ጆሮን በደንብ የሚገጥም ማዳመጫ ተጠቀሙ። መንገድ ስትሻገሩ ግን አውልቁት።
3. በጉዞው መሀል ለጆሯችሁ እረፍት ስጡ። ከአስኮ ወዲህ ሙዚቃ፣ ከአስኮ ወዲያ ዝምታ ቢሆን ምን ይላችኋል?
4. የምትወዱትን አልበም ጸጥ ባለ ቤት ስሙት። በትንሽ ድምፅ ይበቃችኋል።
5. ጆሮ ውስጥ ክብሪት፣ እስክሪብቶ፣ ጥጥ አትክተቱ።

አንገት በላይ ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ሙዚቃ ካቆማችሁ በኋላ የማይጠፋ የጆሮ ጩኸት፣ በተለይ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፤ መፍሰስ፣ ሕመም ወይም ማዞር፤ ቴሌቪዥን ጮክ አደረግህ እየተባሉ መወቀስ። አንድ ጆሮ በድንገት ካልሰማ ደግሞ "ነገ ይለቀኛል" አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሂዱ። ቶሎ የጀመረ ሕክምና የመዳን ዕድሉን ይጨምራል።

ወንድማችንስ? የሞቱትን ሴሎች መመለስ አንችልም፤ ይሄን በግልጽ ነግሬዋለሁ። የቀረውን ግን መጠበቅ ይቻላል። «ኤርታሌ»ን አላስከለከልኩትም። አሁን እሑድ እሑድ ሳሎን ውስጥ፣ በስፒከር፣ ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰማው። ልጁም ስታወራው ፊት ለፊቱ መጥታ እንድትቆም አስተምሯታል። ለክትትል ሲመጡ ባለቤቱ፣ "አሁን ማኩረፉ ቀንሷል" አለችኝ።

እናንተስ፣ በየትኛው አልበም ነው ያደጋችሁት? ስልካችሁ ላይ ድምፁ ስንት በመቶ ነው? አሁኑኑ እዩትና ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ታክሲ ውስጥ ማዳመጫ ከጆሮው ለማይነቅል ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።